ኮከብ ያልተሰጣቸው የሃይስኩል ፉትቦል ተጫዋቾች፦ ኮሌጅ እንዲያያቸው ምን ይደረግ?

አራተኛ_ዳውን

በቃል እንዳንለያይ፦ እዚህ ክር ውስጥ ፉትቦል የምለው የአሜሪካውን ነው። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ፣ በሚኒሶታና በቴክሳስ ሃይስኩሎች የሚጫወቱ የእኛ ልጆች አሉ፤ ስለ ሪክሩቲንግ (ኮሌጆች ተጫዋች ስለሚመለምሉበት መንገድ) በአማርኛ የተጻፈ ግን እምብዛም አይገኝም። የምታውቁትን እዚህ አስፍሩ።

ኮከቡን በቅድሚያ እናንሳው። ሃይስኩል ፉትቦል የሚጫወቱት ከ1 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ባለ 5 ኮከብ የሚባሉት ግን በየዓመቱ 32 ገደማ ብቻ ናቸው፤ ቁጥሩ የመጣው የኤንኤፍኤል (የፕሮፌሽናሉ ሊግ) ቡድኖች አዲስ ተጫዋች በተራ የሚመርጡበት ድራፍት የመጀመሪያ ዙር 32 ምርጫ ስላለው ነው። ኮከብ ማለት እንግዲህ አንድ ድረ ገጽ ስለ ልጁ የሰጠው ግምት ነው። ገጹ ያላየው ልጅ ኮከብ የለውም፤ አይችልም ማለት ግን አይደለም።

ልጅ የሚዘለልባቸው ምክንያቶች ይታወቃሉ። ዘግይቶ ያድጋል፦ 10ኛ ክፍል 165 ፓውንድ የነበረው 12ኛ ላይ 205 ይገባል። 11ኛ ክፍልን በጉዳት ያሳልፋል። ወይም የሚጫወትበትን ቦታ ይቀይራል። ከሁሉም የሚጎዳው የ11ኛ ክፍል ፊልም ማጣት ነው። ትልልቆቹ ኮሌጆች ዝርዝራቸውን በአብዛኛው የሚሞሉት በዚያ ፊልምና በቀጣዩ የጁን ካምፕ (ኮሌጆች የሃይስኩል ልጆችን ሜዳ ላይ የሚፈትኑበት) ነው፤ ፊርማው ደግሞ ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ ይመጣል። በ12ኛ ክፍል ጥሩ የተጫወተ ልጅ የሚታየው ቦታው ካለቀ በኋላ ነው።

አድራሻም ወሳኝ ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ ዲማታ፣ ጉድ ካውንስል፣ ሴንት ጆንስና ጎንዛጋ ወደሚጫወቱበት የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ሊግ የኮሌጅ አሰልጣኞች ይጎርፋሉ። እዚያው አቅራቢያ ሲልቨር ስፕሪንግ የመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ ያለ እኩያ ላይንባከር (ከፊት መስመሩ ኋላ የሚቆም ተከላካይ) ግን ራሱ ካላንኳኳ ማን ያየዋል?

በሩን ይበልጥ ያጠበቡት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው በኦክቶበር 2018 የተከፈተው ትራንስፈር ፖርታል (ኮሌጅ መቀየር የሚፈልጉ ተጫዋቾች የሚመዘገቡበት ዝርዝር) ነው። ከ2021 ጀምሮ ተጫዋች አንድ ጊዜ ሲዛወር አንድ ዓመት መቀመጥ ቀረለት፤ በ2024 ደግሞ ትምህርቱ ከተስተካከለ ደጋግሞ እንዲዛወር ተፈቀደ። አሰልጣኙ የ18 ዓመት ልጅ ይዞ ሁለት ዓመት ከሚጠብቅ ኮሌጅ የተፈተነውን የ21 ዓመት ልጅ ይወስዳል። ሁለተኛው በጁን 2025 የጸደቀው የሃውስ ስምምነት (በኮሌጅ ተጫዋቾች ክስ ላይ የተደረገ የፍርድ ቤት ስምምነት) ነው፤ በስምምነቱ የገቡ ትምህርት ቤቶች ከ105 ተጫዋች በላይ መያዝ አይችሉም። የ85 ስኮላርሺፕ ጣሪያ ተነሥቷል፤ ነገር ግን ያለ ስኮላርሺፕ በዋክ ኦን የሚገቡ ልጆች ይይዙት የነበረው ቦታ ተቆርጧል።

ሃሽ_ማርክ

ስለ ፊልም ልጻፍ፤ አብዛኛው ልጅ የሚወድቀው እዚህ ነው።

ሃድል (የጨዋታ ቪዲዮ ማስቀመጫ ድረ ገጽ) ላይ የሚጫነው ሃይላይት ከ3 እስከ 4 ደቂቃ፣ ከ20 እስከ 25 ፕሌይ (ኳሱ ከተነሣ እስከ ፊሽካው ያለ አንድ ሙከራ) ይበቃዋል። አሰልጣኙ በመጀመሪያዎቹ 30 ሰከንዶች ስለሚወስን ምርጥ አምስቱን ፊት አስቀምጡ። በጨዋታ ቅደም ተከተል የተደረደረ ሃይላይት፣ ምርጡ ፕሌይ 19ኛ ላይ ከሆነ፣ አልታየም ብላችሁ ቁጠሩት። ኳሱ ከመነሣቱ በፊት ልጁ ላይ ክብ ወይም ቀስት አድርጉና አንድ ሰከንድ አቁሙት፤ ከዚያ እስከ ፊሽካው ሳትቆርጡ ልቀቁት። ስሎ ሞሽን አታድርጉ፤ ፍጥነቱን ይደብቃል። የመጀመሪያው ስክሪን ላይ ስም፣ የመለያ ቁጥር፣ ቦታ፣ ቁመት፣ ክብደት፣ ጂፒኤ (የትምህርት ውጤት አማካይ)፣ የምረቃ ዓመት፣ የልጁና የአሰልጣኙ ስልክ ይግባ።

የሚታየው ነገር እንደ ቦታው ይለያያል። ኳርተርባክ (ኳስ ወርዋሪው) የ50 ያርድ ውርወራ ብቻ ከደረደረ ተከላካዮችን ማንበቡ አይታወቅለትም፤ ሁለተኛና ሦስተኛ አማራጩን ያገኘበትን፣ ተጭነውት ኳሱን በጊዜ የለቀቀበትን ይጨምር። ላይንባከር ብሎክ (የሚገፋውንና መንገድ የሚዘጋበትን ተጋጣሚ) ሲያራግፍና ወደ ኋላ ሄዶ ሽፋን ሲይዝ ይታይ፤ ነጻ ሆኖ የመታው ታክል (ኳስ የያዘውን መጣል) ብዙ አይነግርም። ኦፌንሲቭ ላይን (የአጥቂው ቡድን የፊት መስመር) ላይ የሚታየው እግሩ ነው፣ ከዚያ ሰውየውን እስከ ፊሽካ መግፋቱ። ኮርነርባክ (የኳስ ተቀባዮችን የሚከላከል) ኢንተርሴፕሽን (የተወረወረ ኳስ መንጠቅ) ባይኖረውም ተቀባዩን ተከትሎ ወገቡን ሲያዞር የሚያሳይ ፕሌይ ይበቃዋል።

ከሃይላይቱ ጋር ሁለት ሙሉ ጨዋታ አዘጋጁ፤ አንዱ ጠንካራ ተጋጣሚ የገጠመበት ይሁን። የወደደው አሰልጣኝ ቀጥሎ የሚጠይቀው እሱን ነው፤ ምክንያቱም ልጁ የተሸነፈባቸውን ፕሌዮች ማየት ይፈልጋል። 12ኛ ክፍል ላይ የወቅቱን መጨረሻ አትጠብቁ፤ ከሦስተኛው ወይም ከአራተኛው ጨዋታ በኋላ አዲስ ፊልም ይጫን።

ሰባት_ዜሮ_ሦስት

ልጁ ታይት ኤንድ (ብሎክም የሚያደርግ፣ ኳስም የሚቀበል) ሆኖ ቡድኑ ኳስ የማይወረውር ከሆነስ? በጨዋታ ሁለት ኳስ ቢደርሰው ነው።

ሃሽ_ማርክ

እንዲያውም ጥሩ ዕድል ነው፤ ብሎክ የሚያደርግ ታይት ኤንድ ተፈላጊ ነው። ሃይላይቱን በብሎክ ጀምር፦ ዲፌንሲቭ ኤንድ (የመከላከያው መስመር ዳር ላይ የሚቆመውን) ብቻውን የያዘበት፣ ላይንባከር ደረጃ ደርሶ የገፋበት። ከ8 እስከ 10 እንዲህ ያለ ፕሌይ፣ ቀጥሎ ያሉትን ኳሶች ሁሉ። ኳስ አያያዙ በክረምቱ የሰባት ለሰባት (በውርወራ ብቻ የሚደረግ) ውድድር ወይም በልምምድ ቪዲዮ ይታያል፤ መጨረሻ ላይ «ሰባት ለሰባት» ተብሎ ተጽፎበት ይግባ፤ ከጨዋታ ጋር ከተቀላቀለ ማታለል ይመስላል። ቅርጫት ኳስ የሚጫወት ከሆነ ሪባውንድና ደንክ 20 ሰከንድ ጨምርለት። አሰልጣኞች ታይት ኤንድን በቅርጫት ኳስ ሜዳ መመዘን ይወዳሉ።

ሰዓት_ያዥ

ቁጥር ላይ ልግባ። የሃይስኩል ፕሮግራም ላይ 6 ጫማ ከ3 የተባለው ልጅ ካምፕ ደርሶ ጫማውን ሲያወልቅ 6 ከ1 ሆኖ ይገኛል። አሰልጣኙን የሚያስቀይመው ሁለቱ ኢንች ሳይሆኑ ውሸቱ ነው፤ ከዚያ በኋላ የተጻፈውን ሌላ ቁጥርም አያምንም። ግድግዳ ላይ በባዶ እግር ለኩና ያንኑ ጻፉ። የተዘረጉት ሁለት ክንዶች ርዝመት ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ ይለካ፤ ቁመቱ 6 ከ1 ሆኖ ክንዱ 78 ኢንች የሆነ ልጅ ለዲፌንሲቭ ኤንድ ሌላ ሰው ነው።

የ40 ያርድ ሩጫ በእጅ ሰዓት የተያዘ ከሆነ ከኤሌክትሮኒክ ሰዓቱ በ0.2 ሰከንድ ገደማ ፈጥኖ ይወጣል። 4.5 የማይል ልጅ ስለሌለ ያ ቁጥር ብቻውን ሚዛን አያነሳም። የተዘለለ ልጅ ትራክ (አትሌቲክስ) ይሩጥ የምለው ለዚህ ነው። የ100 ሜትር ሰዓት በኤሌክትሮኒክ ተይዞ በስሙ ስለሚመዘገብ አሰልጣኙ ቢሮው ተቀምጦ ያረጋግጠዋል። ከ11 ሰከንድ በታች የገባ ሪሲቨር (ኳስ ተቀባይ) ወይም ኮርነርባክ ፊልሙ ይከፈትለታል። ላይንማን ደግሞ ዲስከስና አሎሎ ይወርውር፤ የወገብና የእግር ጉልበቱ እዚያ ይነበባል። ስፖርት መቀየሩ ጊዜ ማባከን የሚመስላቸው ወላጆች አሉ፤ ለኮሌጅ አሰልጣኝ ግን ማስረጃ ነው።

ማዶ_ሜዳ

ካምፕን ማንም በደንብ አላነሳም። ጁን ላይ ልጁን ወደ ትልልቆቹ ካምፕ ውሰዱት፤ ያልታየ ልጅ የሚታየው እዚያ ነው።

አራተኛ_ዳውን

@ማዶ_ሜዳ፣ እዚህ ላይ በግማሽ ብቻ ነው የምስማማው። ስምህን ጠርቶ «ተጋብዘሃል» የሚለው ኢሜል ለሺዎች የሚላክ ማስታወቂያ ሊሆን ይችላል፤ የካምፕ ግብዣ ኦፈር (ቡድኑ ቦታ እሰጥሃለሁ የሚልበት) አይደለም። ልጁ ፊልሙን አስቀድሞ ያላየለት ካምፕ ውስጥ ከ400 ሰው አንዱ ሆኖ ይውላል፤ ዓይኑ ሁሉ አስቀድመው በተመረጡት 30 ልጆች ላይ ነው።

ከመመዝገብ በፊት የሚታዩ ምልክቶች አሉ። የኮሌጁ አሰልጣኝ የሃይስኩሉን አሰልጣኝ ደውሎ ጠይቋል? ትራንስክሪፕት (የትምህርት ውጤት ሰነድ) ላክልኝ ብሏል? ከወላጅ ጋር ማውራት ፈልጓል? ከሦስቱ አንዱም ከሌለ ገንዘቡ ለሌላ ካምፕ ይቀመጥ። የፈለገ አሰልጣኝ ትራንስክሪፕት ይጠይቃል፤ ይህን ያህል የሚታመን ምልክት የለም።

ማዶ_ሜዳ

ገባኝ። ሆኖም የብዙ ኮሌጆች አሰልጣኞች ተሰባስበው የሚያሠሩበትን ካምፕ ለይተህ እየው። እዚያ ባለቤቱ ትልቁ ትምህርት ቤት ቢሆንም ከኤፍሲኤስ (የከፍተኛው ምድብ፣ የዲቪዥን 1፣ ሁለተኛ እርከን)፣ ከሥሩ ካሉት ከዲቪዥን 2 እና ከዲቪዥን 3 የመጡት ናቸው ስም የሚጽፉት። በአንድ ቀን ክፍያ አሥራ አምስት ቡድን ያየዋል። ከመሄዱ ሳምንት በፊት ለእነዚያ አሰልጣኞች አንድ በአንድ «እመጣለሁ፤ የመለያ ቁጥሬ ይህ ነው፤ ፊልሜ ይኸው» ብሎ ይጻፍላቸው።

አራተኛ_ዳውን

በዚህ ተስማምተናል። ያልታየ ልጅ ሁለት ወይም ሦስት እንዲህ ያለ ካምፕ ይበቃዋል።

መዝገብ_ቤት

ሁላችሁም ሜዳው ላይ ናችሁ፤ ልጅ የሚቀረው ግን ወረቀት ላይ ነው። አደራ፣ ይህን 9ኛ ክፍል ላይ አንብቡት።

ለዲቪዥን 1 ኤንሲኤኤ (የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ማኅበር) 16 ኮር ኮርስ (ለብቁነት የሚቆጠር ዋና ትምህርት) ይጠይቃል፦ 4 እንግሊዝኛ፣ 3 ሒሳብ ከአልጀብራ 1 ጀምሮ፣ 2 ሳይንስ፣ ከእነዚህ ከሦስቱ 1 ተጨማሪ፣ 2 ሶሻል ሳይንስ፣ 4 ደግሞ ከእነዚህ ወይም ከውጭ ቋንቋ፣ ከፍልስፍናና ከመሳሰሉት። ከ16ቱ 10 ኮርስ 12ኛ ክፍል ሳይጀመር ማለቅ አለበት፤ ከ10ሩ 7ቱ በእንግሊዝኛ፣ በሒሳብና በሳይንስ። የእነዚያ የ10ሩ ውጤት ከዚያ በኋላ ይቆለፋል፤ በክረምት እንደገና ተምሮ ማሻሻል አይሠራም። ጂፒኤ 2.3 ያስፈልጋል፤ ለዲቪዥን 2 ደግሞ 2.2። የሚሰላው በኮር ኮርሶች ብቻ ነው። ትምህርት ቤቱ 3.1 ብሎ የሰጠው ጂፒኤ ጂምና ሥዕል ሲወጡለት 2.2 ሊሆን ይችላል። ኤስኤቲና ኤሲቲ ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ ለዚህ አይጠየቁም፤ ኮሌጁ ራሱ ግን ሊጠይቅ ይችላል።

እያንዳንዱ ሃይስኩል በኤንሲኤኤ የጸደቀ የኮርስ ዝርዝር አለው። ዝርዝሩን ከኤሊጅቢሊቲ ሴንተር (የተጫዋቾችን ብቁነት የሚያረጋግጠው የኤንሲኤኤ ክፍል) ገጽ አውጥታችሁ ከልጁ ትራንስክሪፕት ጋር በስም አመሳክሩ። ለአዲስ መጤ የሚሰጠው የእንግሊዝኛ ክፍል እዚያ ዝርዝር ላይ ላይኖር ይችላል፤ ሁለት ዓመት የተማረው ሳይቆጠር ይቀራል።

አሁን የእኛን ልጆች በተለይ የሚነካው። የዲቪዥን 1 ሰዓት መቁጠር የሚጀምረው ልጁ 9ኛ ክፍልን መጀመሪያ ከገባበት ቀን ነው፤ አዲስ አበባም ይሁን ሲያትል ለውጥ የለውም፤ ከዚያ 8 ሴሚስተር ይቆጠራል። 9ኛን እዚያ ጨርሶ እዚህ እንደገና 9ኛ የተመደበ ልጅ አንድ ዓመት በልቷል ማለት ነው። የ4 ዓመት ዕቅዱን ከካውንስለሩ ጋር ገና ሲመዘገብ አውጡ። ዲቪዥን 2 ይህ ገደብ የለበትም፤ ኮሌጅ በሙሉ ጊዜ እስኪገባ ድረስ ኮር ኮርስ መጨመር ይቻላል።

ከኢትዮጵያ የመጣ ትራንስክሪፕት ከ9ኛ ጀምሮ ያለው ሁሉ ይፈለጋል። ሁለት ነገር ያደናግራል። አንዱ ዓመተ ምህረቱ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 2014 የተባለው 2021–22 መሆኑን የማያውቅ ሰው ልጁ ከሰባት ዓመት በፊት ሃይስኩል የገባ ይመስለዋል። ትምህርት ቤቱ ሁለቱንም አቆጣጠር ጽፎ ማኅተም ያድርግበት። ሁለተኛው ስም ነው፤ እዚያ እስከ አያት ሦስት ስም፣ እዚህ ፓስፖርት ላይ ሌላ አደራደር። አንድ ሰው መሆኑን የሚያሳይ ሰነድ ቀድሞ ይያያዝ፤ ኦገስት ላይ ልምምድ ተጀምሮ ልጁ ወረቀት እየጠበቀ ዳር መቆም የለበትም።

የአሌክሳንድሪያ_እናት

መዝገብ ቤት እግዚአብሔር ይስጥልን። አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ዲቪዥን 3 የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጥም ከተባለ፣ የግል ኮሌጅ ያን ሁሉ ሺህ ዶላር እየጠየቀ ለምን ይታሰባል?

መዝገብ_ቤት

እህቴ፣ የሚታየው የተለጠፈው ዋጋ ሳይሆን ቅናሹ ተነሥቶ የሚቀረው ነው። ለምሳሌ ዓመታዊው ወጪ 62,000 ዶላር ቢሆን፣ በትምህርት ውጤት 29,000፣ በቤተሰብ ገቢ ላይ ተመሥርቶ 19,000 ቢቀነስ 14,000 ይቀራል። ዲቪዥን 2 «ስኮላርሺፕ ሰጠሁህ» ብሎ 5,000 ቢሰጥና 24,000 ቢያስከፍል የቱ ይሻላል? ዲቪዥን 2 ላይ እርዳታው ለብዙ ተጫዋች ተከፋፍሎ ስለሚሰጥ ሙሉው የሚደርሰው ጥቂት ሰው ነው።

በየኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ የተጣራ ዋጋ ማስያ አለ፤ ግብር የከፈሉበትን ወረቀት ይዘው ይሙሉት፣ 15 ደቂቃ ቢወስድ ነው። ፋፍሳ (የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ) በየዓመቱ ኦክቶበር 1 አካባቢ ይከፈታል፤ የሚታየው የተማሪው የመኖሪያ ሁኔታ ነው፣ የወላጅ ዜግነት አያግደውም። አይቪ ሊግም (እነ ሃርቫርድና ዬል ያሉበት) የስፖርት ስኮላርሺፕ የለውም፤ እርዳታው በፍላጎት ብቻ ነው፤ ገቢው መካከለኛ ለሆነ ቤተሰብ ከብዙ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሊረክስ ይችላል። ውጤቱ ጎበዝ የሆነ ልጅ እነዚህን ከዝርዝሩ አያውጣ።

ቤንች_12

ሁሉም ጥሩ፤ ግን ልጆቹ ኤፍቢኤስ (የዲቪዥን 1 ከፍተኛው እርከን) ካልሆነ አንፈልግም ይላሉ። ጆሽ አለንስ? ካሊፎርኒያ ፋየርባው ከምትባል የእርሻ ከተማ ወጥቶ አንድም ኦፈር አላገኘም፤ ሪድሊ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ገባ፤ ለኤፍቢኤስ አሰልጣኞች በጅምላ ኢሜል ላከ፤ ዋዮሚንግ ወሰደው፤ በ2018 ድራፍት 7ኛ ተመረጠ፤ የ2024 የኤንኤፍኤል ምርጥ ተጫዋች ሆነ።

ሰዓት_ያዥ

የአለን መንገድ እውነት ነው፤ ከዚያ የሚወሰደው ትምህርት ግን ሌላ ነው። ሃይስኩል እያለ አካሉ ገና እያደገ ነበር፤ የሁለት ዓመቱ ኮሌጅ የሰጠው ጊዜና ፊልም ነው። 5 ጫማ ከ9 ሆኖ እድገቱን የጨረሰ ልጅ ኢሜል በመላክ ብቻ ያንን አያገኝም።

ደረጃን መምረጥ ይሻላል። ኩፐር ከፕን ከያኪማ ሃይስኩል ከኤፍቢኤስ ማንም አልጠራውም፤ ኤፍሲኤስ ኢስተርን ዋሽንግተን ገብቶ በ4 ዓመት 428 ኳስ ያዘ፤ በኋላ የሱፐር ቦውል (የኤንኤፍኤል ፍጻሜ) ምርጥ ተጫዋች ሆነ። አዳም ቲለን ከዲቪዥን 2 ሚኒሶታ ስቴት ማንኬቶ ነው የወጣው። ፈርናንዶ ሜንዶዛ ለዬል ቃል ገብቶ ነበር፤ ካልን (ካሊፎርኒያ በርክሊን) መረጠ፤ ከዚያ ኢንዲያና ሄዶ በ2025 ሃይዝማን (የኮሌጅ ፉትቦል ምርጥ ተጫዋች ሽልማት) ወሰደ። ሁሉንም የሚያመሳስላቸው መጀመሪያ የሚያሰልፋቸው ቦታ መግባታቸው ነው። ፖርታሉ በሩን ለሃይስኩል ልጅ ቢያጠብም ከታች ለሚመጣ ግን ከፍቶታል፤ ኤፍሲኤስ ላይ ሁለት ዓመት የተሰለፈ ልጅ ትልልቆቹ የሚፈልጉት ፊልም አለው።

ሰባት_ዜሮ_ሦስት

ኢሜሉ ለማን ይላክ? ዋናው አሰልጣኝ ያነበዋል?

ሃሽ_ማርክ

ለሦስት ሰው ላክ፦ ለቦታው አሰልጣኝ፣ ያንተን አካባቢ ለሚሸፍነው ሪክሩተር፣ ለተጫዋች ምልመላ ዳይሬክተሩ። ስማቸውና የሚሸፍኑት አካባቢ ብዙውን ጊዜ በቡድኑ ድረ ገጽ የሠራተኞች ገጽ ላይ አለ። የኢሜሉ ርእስ ራሱ መረጃ ይሁን፦ የምረቃ ዓመት፣ ቦታ፣ ቁመት፣ ክብደት፣ ጂፒኤ፣ ከተማ። ጽሑፉ ከስድስት መስመር አይብለጥ፤ የፊልሙ ሊንክ ሁለተኛው መስመር ላይ፣ ትራንስክሪፕቱ ተያይዞ፣ የሃይስኩሉ አሰልጣኝ ስልክ መጨረሻ ላይ። ወላጅ አይጻፍ፣ ልጁ ራሱ ይጻፍ። የኮሌጁን ስም ሳትቀይር የሌላውን ኢሜል እንዳትልክ ሁለቴ አንብብ።

ልጁ በፈለገው ጊዜ መጻፍ ይችላል፤ አሰልጣኙ ግን እንደ ክፍሉ ከተወሰነ ቀን በፊት መመለስ አይፈቀድለትም። በ10ኛ ክፍል መልስ ካልመጣ ተስፋ አትቁረጥ። በየአራት ሳምንቱ አዲስ ነገር ሲኖር ብቻ ድገም፦ አዲስ ፊልም፣ የተመዘገበ ሰዓት፣ የሴሚስተር ውጤት። ከ40 እስከ 60 ትምህርት ቤት፣ ከእነዚያ ከግማሽ በላይ ዲቪዥን 2፣ ዲቪዥን 3 እና ኤንኤአይኤ (ከኤንሲኤኤ ውጭ ያለ የአነስተኛ ኮሌጆች ማኅበር)።

የአሌክሳንድሪያ_እናት

አንድ አሰልጣኝ በቃል «እንፈልግሃለን» ብሎ ዲሴምበር ሲደርስ ዝም ቢልስ?

አራተኛ_ዳውን

የቃል ኦፈር ሁለቱንም ወገን አያስርም። ናሽናል ሌተር ኦፍ ኢንቴንት የሚባለው (ልጁን ከኮሌጁ ጋር ያስር የነበረ ፊርማ) በኦክቶበር 2024 ተሽሯል፤ አሁን የሚያስረው የተፈረመ የገንዘብ እርዳታ ስምምነት ነው። ስለዚህ ኦገስት መጨረሻ ላይ ልጁ ራሱ ደውሎ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ «ዛሬ እሺ ብል ትቀበሉኛላችሁ? በእኔ ቦታ ስንት ሃይስኩል፣ ስንት ከፖርታል ትወስዳላችሁ? የእርዳታው መጠን በጽሑፍ መቼ ይደርሰኛል?» መልሱ ከተድበሰበሰ ቦታው ለሌላ ሰው ተይዟል ብላችሁ አስቡ፤ ያንኑ ሳምንት ለቀሩት አሰልጣኞች አዲስ ፊልም ይላክ። ዲቪዥን 2፣ ዲቪዥን 3 እና ኤንኤአይኤ እስከ ፀደይ ድረስ ይመለምላሉ፤ ብዙ ኮሌጆች የመግቢያ ማስያዣውን እስከ ሜይ 1 ይጠብቃሉ። ዋክ ኦን የሚያቀርብ ቡድን ከመጣም ከ105ቱ ውስጥ መሆኑን በጽሑፍ አስረግጡ፤ «ኦገስት ላይ እናያለን» ከተባለ ቦታ የለም ማለት ነው።